ከጥንታዊ መጽሐፍ የተቀዳ

የተያዝሁት ቡሬ ገበያ ውስጥ ጨው ስገዛ ነው። አንድ ባንዳ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «የፈረንጅ መጽሐፍ የምታነበው አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። መካድ ይሻል ነበር፤ ግን በማንበቤ አፍሬ ስለማላውቅ አፌ ቀደመኝ። ጨዬን እዚያው ጥዬ፣ የፊጥኝ ታስሬ ሄድሁ። ክሱን የነገሩኝ በኋላ ነው። ዱር ለገቡት አርበኞች ደብዳቤ ትጽፋለህ ነው የሚለው። አልጻፍሁም ነበር። ቢጠይቁኝ ግን እጽፍ ነበርና ብዙም አልተከራከርሁም።

ያጎሩን ጥልያን ከመግባቱ በፊት የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ከበሩ በላይ ግንቡ ተሰንጥቆ፣ በዚያች ስንጥቅ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብርሃን ይገባል። የሻገተ ዳጉሳ፣ ሽንትና የታማሚ ላብ አንድ ላይ ይሸታል። ተስቦ ገብቶ ነበር፤ ቅማሉን መግደል ሰልችቶን ትተነዋል። በየጠዋቱ በሩ ተከፍቶ ስም ይጠራል። የተጠራ ሰው ጋቢውን ለጎረቤቱ ትቶ ይወጣል፤ ጋቢውን ሊወስድ የተመለሰ አላየሁም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ጀግና አልነበርሁም፤ ስሜ እንዳይጠራ ብቻ እጸልይ ነበር።

ጥጉ ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር ነበር የምቀመጠው። አንደኛው የደጋ ዳሞት ገበሬ ነው። አያ እያልሁ ነበር የምጠራው። የታሰረው የእርሻ በሬውን ለወታደር ምግብ አላሳርድም ብሎ ነው። «በሬዬ ታርዶ ተበላ፤ እኔን ደግሞ ለምን እንደሚያከሱኝ እንጃ» ይል ነበር። ሁለተኛው የቅኔ መምህር ናቸው፤ እስረኛው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ጥምጥማቸውን ነጥቀዋቸው ራሳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ይቀመጣሉ። ለምን እንደታሰሩ ሲጠየቁ «በአንድ መጽሐፍ ምክንያት» ብቻ ይላሉ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የምሽጉ ሹም አስጠራኝ። በፈረንሳይኛ ነው ያናገረኝ፤ ከጦርነቱ በፊት አዲስ አበባ ተምሬ ስለነበር እንግባባለን። ጠረጴዛው ላይ በእጅ የተጻፈ፣ በፍየል ቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ ነበር።

«እኔ የድሮ ዘመን ልብ ወለድ እወዳለሁ» አለኝ። «በአገሬ ያላነበብሁት የለም ማለት እችላለሁ። ይህንን አንብበህ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ፣ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነም ንገረኝ።»

ቀጥሎ የመጣበትን ነገር አወጣው። የመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ «ከገዳም ካለ ጥንታዊ መጽሐፍ የተቀዳ» ይላል፤ የገዳሙም ስም ተጽፏል። አስተርጓሚው አንብቦ እንደነገረው፣ ውስጡ በዘመነ መሳፍንት የነበረ አንድ ባላገር ጎረቤቶቹን አስተባብሮ፣ ብር ወንዝን በሚሻገር ሠራዊት ላይ ከገደል ድንጋይ ሲያንከባልል ይተርካል። ሹሙም በቅርቡ ብር ወንዝ መሻገሪያ ላይ ወታደሮቹን ያጣው በድንጋይ ነበር።

«ሽፍቶቹ ከዚህ ነው የተማሩት» አለ። «ዋናው መጽሐፍ ገዳሙ ውስጥ ካለ፣ መነኮሳቱ እያስተማሩበት ነው ማለት ነው። ገዳሙን አቃጥለዋለሁ። ለአለቆቼ የሚሆን ቃል ያስፈልገኛል። ነገ መጽሐፉ በእውነት ጥንታዊ መሆኑን ትነግረኛለህ።»

ድምፁን ከፍ እንኳ አላደረገም።

መጽሐፉን በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ መጋዘኑ ተመለስሁ። ከስንጥቁ ብርሃን ሥር ተቀምጬ ማንበብ ጀመርሁ። አያ «እስቲ ድምፅህን አውጣው፤ እኛም እንስማ» አለኝ፤ ድምፄን አወጣሁት። የኔታን አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረዋል፤ ከንፈራቸው ግን ከእኔ አንድ ቃል ቀድሞ ይንቀሳቀሳል።

እኔ ብዙ አንብቤ ነበር፤ በቀላሉ የሚያስደስተኝ መጽሐፍ የለም። ይሄኛው ግን ያዘኝ። ባላገሩ ከመዝመቱ በፊት ለሚስቱ ምንም ሳይናገር የጎጆዋን ክዳን ሲያድስላት የሚለው ቦታ ስደርስ ጣቴን መስመሩ ላይ አኑሬ ቀስ ብዬ አነበብሁ። የታመሙት ሳይቀሩ ቀና ብለው ነበር። አያማ እንደ ችሎት ነው የሚሰማው። «ቆይ፣ መሬቱ በአባቱ ነው በእናቱ የደረሰው?» ይላል። መጽሐፉ አይናገርም ስለው «እንግዲያማ ጸሐፊው ነገር አያውቅም» ብሎ ያጉረመርማል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን «ቀጥል፣ ቀጥል እንጂ» ይለኛል።

ወንዙ ዳር ደረስን። ጠባቂው ሠራዊቱ ከሩቅ ሲመጣ ሊያይ ባሕር ዛፍ ላይ ወጣ ይላል።

ንባቤን አቆምሁ። መልሼ አነበብሁት። ባሕር ዛፍ ነው የሚለው።

«የኔታ» አልሁ ዝቅ ብዬ፣ «ይህ መጽሐፍ ጥንታዊ አይደለም። በመሳፍንቱ ዘመን ባሕር ዛፍ ከየት መጥቶ? ከፈረንጅ አገር ከገባ ሃምሳ ዓመት እንኳ አልሞላው።»

በመዳፋቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ችግኙን ከደብራችን ግቢ የተከልሁት እኔው ነኝ» አሉ። «በገዛ እጄ። ስጽፍ ከሥሩ ነበር የምቀመጥ። ጠባቂው የሚወጣበት ረጅም ዛፍ ፈለግሁ፤ ቀና አልሁ፤ ያየሁትን ጻፍሁ።»

«ታዲያ ‹የተቀዳ› ለምን አሉት?»

«የቤተ ክህነት ሰው ‹እኔ ጻፍሁ› ይላል እንዴ? ያባቶች ነው ይላል እንጂ። ውዳሴ ከንቱ ነው፣ ልጄ። መምህሬ እንዲያ ነው ያሳደጉኝ። ያደግሁበትን ገዳም ስም ደግሞ ለበረከት ብዬ ጻፍሁት።»

ከዚያ እጃቸውን ከፊታቸው አንስተው፣ በዚያ ሁሉ መካከል፣ «ሌላውስ? ሌላው እንዴት ነው?» አሉኝ። ከያዟቸው ሰዎች በቀር ከእኔ በፊት አንድም ሰው አላነበበላቸውም ለካ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅኔውን ለመምህሩ የሚያቀርብ ተማሪ ነበር የመሰሉኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። ጦርነቱ ድንቅ ነው፤ ክዳኑ የታደሰበት ቦታ ካነበብሁት ሁሉ ይበልጣል፤ ሠርጉ ግን ረዝሟል። «ሠርጉማ አይነካም» ብለው ተቆጡኝ። ትንሽ ቆይተው «ምን ያህል ረዘመ?» አሉ።

የሹሙን ዛቻ የነገርኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። ገዳሙ ውስጥ መነኮሳትና የቅኔ ተማሪዎች አሉ፤ እሳቸውን ያስተማሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ አረጋዊም አሉ። ከእሳት ሮጦ የማያመልጥ ሰው ናቸው።

«ስያዝ ‹ቀዳሁት› ብዬ ቃሌን ሰጥቻለሁ» አሉ። «አሁን ‹እኔ ነኝ የጻፍሁት› ብል ገዳሙን ለማዳን ዋሸ ይሉኛል። ማን ያምነኛል?»

አያ ከተኛበት ተነሣ። «ዳኛ ምስክር ይፈልጋል» አለ። «ምስክሩ ዛፉ ነው። ዛፍ ጉቦ አይበላ፣ አይፈራ።» ይህን ብሎ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ሲገባው አንገቱን ደፋ።

የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። «ስህተቴን ነገ ፊቱ አውጣው።»

«ይሰቅልዎታል» አልሁ።

«እኔን ቀድሞም ይዘውኛል። ገዳሙን ግን ገና አልነኩትም።»

ለመንኋቸው። ሌላ ዘዴ እንፈልግ አልሁ፤ ምንም ዘዴ አልነበረኝም። መጽሐፉ ጥንታዊ ነው ብል ገዳሙ ይነዳል። ስህተቱን ባወጣ እኒህ ሰው ይሞታሉ። ዝም ብል ሁለቱም ይሆናል። ድርሻዬን የባቄላ ንፍሮ ለአያ ሰጠሁት፤ እሱም አልበላውም። ማንበብ ባላወቅሁ ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ሁለታችንንም አቀረቡን። ለየኔታ የሚያስተረጉመው ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ሰው ዓይን የማያይ ሰው ነበር። መጽሐፉን ገልጬ ለሹሙ ቦታውን አሳየሁት። የዛፉን ስም ስነግረው ሳቅ አለ። ያውቀዋል፤ በአገሩ ረግረግ ለማድረቅ ይተክሉታል፤ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ሣቁን ሳይጨርስ ገባው።

«እንግዲያ የጻፈው በዚህ ዘመን ያለ ሰው ነው» አለ። «ማነው?»

አስተርጓሚው ጥያቄውን ወደ አማርኛ መለሰና፣ ከንፈሩን ብዙም ሳያንቀሳቅስ የራሱን ጨመረበት። «አባቴ፣ ‹ቀዳሁ› እንዳሉ ይጽኑ። ከማን እንደሆነ አላውቅም ይበሉ፤ ምናልባት ይተርፋሉ።»

«እግዜር ይስጥህ» አሉት የኔታ። «አንተ ግን ‹ጻፍሁ› በልልኝ። እኔ ጻፍሁት። ገዳሙ አያውቀውም።» ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ። ሞትን ፈርተው አልመሰለኝም፤ ቃሉ ነው የከበዳቸው።

ሹሙ አላመነም። የተዳደፈውን ሽማግሌ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «የጻፈው እሱ ከሆነ፣ መጨረሻው ላይ ሴትዮዋ ባሏን እየጠበቀች ትቀራለች። ከዚያ በኋላ ምን ሆነች? ይንገረኝ።»

የኔታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ተረኩ። ሴትዮዋ ባሏ ያደሰላት ክዳን ማፍሰስ እስኪጀምር ጠበቀች። ማፍሰስ ሲጀምር ሌላ ሰው አላስጠራችም፤ ራሷ ቤቱ ላይ ወጥታ ሣሩን እየነቀለች ስትለውጥ፣ እሱ ያሰረውን አንድ ቋጠሮ አገኘች። ሁሉንም ለወጠች፤ ያን ቋጠሮ ግን ሳትፈታ ተወችው። ሲተርኩ እጃቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ጉልበታቸው የተመለሰ መሰለ። አስተርጓሚው መተርጎሙን ረስቶ ቆመ። ሹሙ ጠረጴዛውን እስኪመታ ድረስ ማናችንም አላስታወስነውም።

ተተርጉሞለት ከሰማ በኋላ ለእኔ በፈረንሳይኛ፣ «ጥሩ ነው» አለኝ። «በጣም ጥሩ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ረግጬ አባርረው ነበር። እንዲህ የሚያሳምን ሰው ግን አይለቀቅም።» ገዳሙን ለማቃጠል ያዘጋጀውን ወረቀት ቀዶ ጣለው። የኔታን ውሰዱ አለ።

የኔታ ከመውጣታቸው በፊት መጽሐፉን ጠየቁ። ሹሙ ትንሽ አመንትቶ ገፋላቸው። ብዕርም ጠየቁ። ገጹን ሳይፈልጉ ገለጡት፤ «ባሕር ዛፍ» የሚለውን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዘው ከላዩ «ዝግባ» ብለው ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ እፍ አሉበት። ዘግተው በሁለት እጃቸው አስረከቡትና፣ ለእኔ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። መጽሐፉን ከዚያ በኋላ አላየሁትም፤ ያየ ሰውም አላገኘሁም።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ብቻዬን መሆኔን አይቶ አያ አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ቆይቶ፣ «ሴትዮዋስ? መጨረሻዋ ምን ሆነ?» አለኝ። ነገርሁት። የቋጠሮው ጋ ስደርስ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስሁ። በቀጣዩ ገበያ ቀን የኔታን ሰቀሏቸው። እኛ ከመጋዘኑ የሰማነው የገበያው ጫጫታ ድንገት ጸጥ ሲል ነው።

ጥልያን ሲወጣ ተፈታሁ። ከቡሬ በእግሬ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት፣ ያኔ ግን በዚህ ስም በማትጠራው ከተማ አድርጌ ወደ ደጋው ወጣሁ። ገዳሙ እንዳለ ነው። ዓይነ ስውሩ አረጋዊ ከደጀ ሰላሙ ደጃፍ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከእግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መጽሐፉንም እስከማስታውሰው ድረስ ከመጀመሪያው ተረክሁላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«‹እኔ ጻፍሁ› አለ?»

«አዎ አባቴ፤ አሉ።»

መቋሚያቸውን አንስተው መሬቱን መታ አደረጉት። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ።

«እንኳን አለ» አሉ።

አሁን አርጅቻለሁ። ማንበብ አላቆምሁም። የሰፈራችን አስተማሪዎች ስለ ድሮ ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ ባገኙ ቁጥር እያመጡ፣ «ከአሥር ስንት ይሰጡታል?» ይሉኛል። አንብቤ ከመመለሴ በፊት ጸሐፊው በሕይወት አለ ወይ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አለ ካሉኝ ደስ ይለኛል፤ ያለ ምሕረትም እተቸዋለሁ። ቁጭ ብሎ ያርመዋል።