በሃምሳ አለቃው ሽሮ ላይ ያስጨመርኩት ጓያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም የገደፍኩበትን፣ ሰው ያማሁበትን ሁሉ ስዘረዝር እዚህ ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። ዛሬ አልዘለውም። ጓያ ቀላቅሉ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ያዘዝኩትን የካድኩትም እኔ ነኝ።

ሃምሳ አለቃ ደሳለኝን ያወቅኋቸው ከሠራዊቱ ተሰናብተው ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሽሮ ወፍጮ ሲተክሉ ነው። እኔ አነስተኛ ነጋዴዎችን አሠለጥናለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ያወቃትን ነገር በጥርሱ ነክሶ ነው የሚይዛት፤ እኔም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን የንግድ ትምህርት እንደዚያ ይዤው ነበር። እሳቸው ደግሞ የመጀመሪያው ሠልጣኜ ናቸው። ቢከስሩ ሰው ምን ይለኛል? ድሮስ በእርጅና ከተማረች ሴት ምን ይጠበቃል አይለኝም? ይህን ስፈራ የማስበው ለማን ነበር? ለራሴ።

እንደሳቸው ያለ ሠልጣኝ አይገኝም። ገና ሲነጋ ወፍጮ ቤቱ ተጠርጎ፣ ጆንያው በመስመር ተሰልፎ፣ ጫማቸው ተወልውሎ ይጠብቁኛል። ያልኩትን ሁሉ “እሺ መምህርት” ብለው ይፈጽማሉ። ደንበኛን በፈገግታ ተቀበሉ ስላቸው፣ በማግስቱ ለገባው ሁሉ፣ ከቀብር ለተመለሰች ሴት ሳይቀር፣ ጥርሳቸውን ሲያሳዩ ዋሉ። እኔ ሳቅሁ። ከመሳቅ ይልቅ ልብ ብል ኖሮ፣ ከእኔ የሚወጣ ቃል እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ትእዛዝ እንደሚሆን ያን ጊዜ ይገባኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አተር ተወደደ። ሽሮ የሚሸጠው በጾም ነው፤ ያላቸው ጥሪትም በሙሉ እዚያ ወፍጮ ላይ ነው። ጓያ ቀላቅሉበት አልኳቸው። ጓያ ርካሽ ነው፤ ከተፈጨ በኋላ ከአተሩ አይለይም። አዘውትሮ የበላውን ሰው ግን እግሩን ያሽመደምደዋል። አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር እንጂ! በእናቴ አገር በደንቢያ ጓያ የሰበረው ሰው በዱላ ሲሄድ እያየሁ ነው ያደግሁት። “ትንሽ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል” አልኳቸው።

“ይኼ ምክር ነው ትእዛዝ?” አሉኝ።

“ትእዛዝ ነው ይበሉት።”

እኔ ነኝ ያልኩት። በገዛ አንደበቴ።

ቀላቀሉ። ጠዋት የመጡት ደንበኞች ሳይጠይቁ ገዝተው ሄዱ። ረፋድ ላይ፣ እኔም እዚያው ቆሜ ሳለሁ፣ ምግብ ቤት ያላት እትዬ ጥሩነሽ ገባች፤ ዱቄቱን በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰችና “ዛሬ ምን ምን አለበት?” ብላ ጠየቀች። እኔ ቀላቅሉ እንጂ ዋሹ አላልኳቸውም። ቀጥ ብለው ቆሙና፣ “አተር፣ ሽምብራ፣ ጓያ” አሉ።

“ምነው አያ ደሳለኝ! ከጦር ሜዳ የራስህን እግር በደህና ይዘህ መጥተህ የእኛን ልትቆርጥ ነው?”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። “ማነው እንዲህ ያለውን የመከረህ? ይቺ መምህርትህ ናት?” አለችና ወደ እኔ ዞረች። ሁሉም ዞሩ።

“እኔ እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ አይወጣም” አልኩ።

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ አላዩም። “ጥፋቱ የእኔ ነው” አሉ። ከዚያች ቀን ወዲህም አንድም ጊዜ አንስተውብኝ አያውቁም።

በዚያው ሰዓት ወፍጮውን አቆሙ። ድንጋዩን አጠቡ፤ የተቀላቀለውን ሁሉ ሰው እያየ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩ። ንጹሕ ሽሮ ተሸክመው ያን ጠዋት የገዛ ሰው ቤት ሁሉ፣ ወለቃ ድረስ፣ በእግራቸው እየሄዱ “አጥፍቻለሁ፣ ይህን ተቀበሉኝ” እያሉ ለወጡ። ከዚያ በኋላ እህሉ ከመፈጨቱ በፊት ደንበኛዋ ራሷ በሰፌድ አበጥራ እንድታየው አደረጉ። ይህን እኔ አልመከርኳቸውም። በመጀመሪያ ሴቶቹ ሊያሾፉ መጡ፤ ቀጥለው ሊያዩ፤ ቀጥለው ሊገዙ። ጾሙ ሳይጋመስ ሰልፉ ከበሩ አልፎ መንገዱን ያዘ። እትዬ ጥሩነሽ ልትቀድም ስትጋፋ “ተራሽን ጠብቂ!” ተብላ ተመለሰች።

“ይኸው በስተርጅና ወታደር ሆንን!” ብላ ሰልፈኛውን አሳቀችው።

አሸነፉ! ያን ሰልፍ ሳይ ደረቴ በደስታ ተነፋ፤ ዛሬም ሳስበው ይነፋል። ያለ ዘዴ፣ ያለ ማታለል፣ እውነት ተናግረው ገበያውን አሸነፉት። አሁን ሽሯቸውን ፈልጎ ከእንፍራንዝ የሚመጣ ሰው አለ።

ታዲያ እኔ በዚህ ድል ምን አደረግሁ? ሰረቅሁት። በየሥልጠናው እየቆምኩ “ደንበኛችሁን አትዋሹ ብዬ ያስተማርኳቸው አንድ ወታደር ነበሩ” እያልኩ አወራሁ። ተጨበጨበልኝ። እኔ ሲጨበጨብልኝ፣ እሳቸውን ገበያው “ጓያው” ብሎ ሰየማቸው። በፍቅር ነው፣ እሳቸውም ይስቃሉ። ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ግን አንዱ “የጓያው ልጅ ናት?” ሲል ፊታቸው ሲጠቁር አይቻለሁ። እዚያው ነበርኩ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። አንዲት ቃል ትበቃ አልነበር? የነጠላ ሰረዝ ስሕተት የማታልፍ ሴት፣ የሰው ስም ሲበላሽ እንዴት አስቻላት?

ነገ ማክሰኝት ላይ ሁለተኛው ወፍጯቸው ይመረቃል። በክብር እንግድነት ጠርተውኛል፤ ንግግርም አድርጊ ብለውኛል። የማነበው ይህንን ነው፤ እትዬ ጥሩነሽ ባለችበት፣ አማቾቻቸው ባሉበት። ልቤ እንደ ነገው ቀን የናፈቀው ነገር የለም። እሳቸው በንጹሕ ስማቸው የወፍጮውን በር ሲከፍቱ አያለሁ!

ይቅር ይበሉኝ ብዬ ግን እዚያ አለምናቸውም። ያ ሁሉ ሰው እያየ ይቅር ብዬሻለሁ ከማለት በቀር ምን ሊሉኝ ይችላሉ? ዳግመኛ ላዛቸው አልፈልግም። ሰዉ ሲበተን፣ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ከፈለጉ ይቅርታውን ይስጡኝ፤ ካልፈለጉም ይከልክሉኝ።