ሰሌዳው ላይ የወጣው ስድብ

የአውቶቡስ መናኸሪያው የኮምፒውተር ሠራተኛ ራሱን አሳንሶ የሚያይ ሰው አልነበረም። ባልደረቦቹ "ኢንጂነር" የሚሉት በሹፈት መሆኑ የገባው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ደረቱን ነፋ አድርጎ "አቤት!" ይል ነበር።

አንድ ቀን አማቱ ዘመድ ጥየቃ ሊሄዱ መናኸሪያው መጡና ሥራውን ሊያሳያቸው ቋመጠ። ከትልቁ የመነሻ ሰዓት ሰሌዳ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው።

"እማማ፣ አሁን ይሄ ሰሌዳ በእኔ ፕሮግራም ሲሠራ ያያሉ" ብሏቸው ወደ ቢሮው እየሮጠ ወጣ።

ፕሮግራሙ ገና አዲስ ነበር። የቱ ጋ እንደሚሰናከል ለማወቅ በየመሃሉ ለራሱ መልእክት ሰክቶበታል። ሥራ ሲበላሽበት ራሱን መስደብ ስለሚቀናው፣ መልእክቶቹም ያው ስድብ ነበሩ። እንግዲህ ፕሮግራሙ የሚያወጣው ጽሑፍ ሁሉ የት ይውጣ? ፋይል ውስጥ ቢገባ ማንም አያየውም፤ በራሱ ስክሪን ቢወጣ እሱ ብቻ ያየዋል። እሱ ግን የአማቱን ፊት እያሰበ የሰሌዳውን ስም ጻፈና ቁልፉን ተጫነ። ሊቁ ሰውዬ ወደ ሰሌዳው የሚሄዱት የመነሻ ሰዓቶቹ ብቻ መስሎታል።

ከታች ሳቅ ተሰማ። በመስኮት አንገቱን ቢያሰግግ፣ ሰሌዳው በቀይ ፊደል "እስካሁን አልሞትኩም" ይላል፤ ፕሮግራሙ እዚህ ድረስ አልተሰናከለም ለማለት የሰካው ነበር። ቀጠለና፦ "አንተ ደነዝ፣ ደግሞ ተሳሳትክ!"

ሻንጣ የተሸከመ አንድ መንገደኛ ትኬቱን አገላብጦ አየና ወደ ትኬት ቆራጯ ተመለሰ። "እህቴ፣ መኪና ተሳስቼም ከሆነ መሳደብን ምን አመጣው?"

ኢንጂነሩ ፕሮግራሙን አቁሞ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። አማቱ መነጽራቸውን አውልቀው እየጠረጉ ነበር።

"ልጄ፣ ማንን ነው የሚሰድበው?"

"እኔን ነው፣ እማማ።"

"ማነው የጻፈው?"

"እሱም እኔው ነኝ።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እንግዲያው ልጄ ያገባችው እውነት የሚናገር ሰው ነው" አሉና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ምን ያድርግ!

አማቱን ሸኝቶ ሲመለስ ሰዓቱን ወደ ሰሌዳው፣ ስድቡን ወደ ፋይል ለይቶ ላከ። ወዲያው አለቃው አስጠራው። "ኮምፒውተሩ ነው" ሊል አፉን ከፈተና አፈረ።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አለ።

አለቃው ከእሱ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ያዘጋጀው ቁጣ ሁሉ ጠፋበት። "በል... ሂድ፣ ሥራህን ሥራ" አለው።