በነጭ ክር የታሰረው ሩዝ

የመጀመሪያ ቀን የገባሁት ድስት ለማጠብ ነበር። በተሰደድኩበት አገር፣ ሲሪልዲን በሚባለው የቻይኖች ሰፈር፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ያለ ኩሽና ነው። ጌታው ሚስተር ሊን ይባላል፤ ሠራተኛው ግን «ሺፉ» ይለዋል፣ የሙያ አባት እንደማለት ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሥጋ አጣፋጩ አለ፣ ከዚያ ሩዝ በቅጠል የሚጠቀልሉት ጠቅላዮቹ፣ ከዚያ ድስት ጠባቂው። ከሁሉ በታች አጣቢው። እኔ ማለት ነው።

የበዓላቸው ሰሞን ነበር። እዚህ አገር ብርዱ ሲገባ የሚያከብሩት በዓል አላቸው፤ ያን ቀን ዞንግዚ ይበላሉ። የሚጣበቅ ሩዝ ነው። በቀርከሃ ቅጠል ይጠቀለላል፣ በክር ይታሰራል፣ ግማሽ ቀን ይቀቀላል። ድሮ አንድ የተከበረ ሰው ወንዝ ገብቶ ሞተና ዓሣው ገላውን እንዳይነካው ሕዝቡ ሩዝ ወረወረለት ይላሉ። ሺፉ ነው የነገረኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ከጠቅላዮቹ አንዷ ቀረች። ሺፉ ቅጠል ሰጠኝና «ሞክር» አለኝ። ቅጠሉን በጨርቅ ጠረግኩ፣ ጫፉን ቆረጥኩ፣ እንደ ቀንድ ጠመዘዝኩት፣ ሩዙን ሞልቼ አጠፍኩ፣ የክሩን ጫፍ በጥርሴ ይዤ አሰርኩት። ወስዶ ጨመቀው፤ አልፈሰሰም።

«ማን አስተማረህ?»

«አገሬ። እኛ ቆጮን በኮባ ነው የምንጠቀልለው።»

ኮባን ከየት ያውቀዋል? ግን ሳቀ። በማግሥቱ ድስት ማጠቡን ለሌላ ሰው ሰጠው።

ወዲያው ሥጋው መጣ። አሳማ ነው። «ሺፉ፣ ይኼን አልነካም፤ ሙስሊም ነኝ» አልኩት። ያባርረኛል ብዬ ነበር። ሄደና ሁለት ጥቅል ክር አመጣ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። «ቀዩ የአሳማ። ነጩ የቀይ አደንጓሬና የቴምር፤ ያንተ ነው። ድስቱም ያንተ፣ ክዳኑም ያንተ» አለኝ። ተጨባበጥን። ውላችን ይኸው ነበር።

እዚያው አረጀሁ። ለጨረቃ በዓላቸው ክብ ኬክ ሲጋገር ሊጡ በአሳማ ጮማ ስለሚለወስ ሣጥን ብቻ አሽግ ነበር። ዞንግዚ ሲመጣ ግን ነጩ ድስት የእኔ ነው። ማንም አይጠጋውም።

የቻይና ጅምላ ነጋዴዎች ዞንግዚውን በሣጥን እየገዙ ለደንበኞቻቸው ይልካሉ። ደንበኞቻቸው ደግሞ ጀፕስታውን፣ በአጭሩ ጀፕ የምንለው ገበያ፣ ያሉት የእኛ ልጆች ናቸው፤ ስልጤው፣ ሀላባው፣ ጉራጌው። ከእነሱ ብርድ ልብስና ጫማ ወስደው ለቴምቢሳና ለቶኮዛ መንደሮች ስፓዛ ለሚባሉት ትንንሽ ሱቆች ያከፋፍላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይጥሉት ነበር። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ሻጩ ሐጂ ሙዘይን ደወለልኝ።

«ጋሽ ነስሩ፣ ይኼ በቅጠል የታሰረው ነገር ይበላል?»

«ክሩ ምንድነው?»

«ነጭ።»

«ብላ። የጠቀለልኩትም የከደንኩትም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲህ ጀፕ ሙሉ «ነጭ ክር ከሆነ የጋሽ ነስሩ ነው» እያለ በላ። ሱቅ የለኝም፣ ትምህርትም እምብዛም። በዚህ አገር የነበረኝ ይህቺ «ይበላል» የምትል ቃሌ ናት።

በኋላ የሺፉ ጉልበት እምቢ አለና ፎቅ ላይ ቀረ። ኩሽናውን የእህቱ ልጅ ዌይ ያዘው። ዌይ ሥራ ላይ ቆሞ «አንክል፣ ፈጠን ፈጠን!» ማለት ይወዳል። እሱ ራሱ ግን አንድ ቅጠል አስሮ አያውቅም።

የዚያ ዓመት በዓል ዋዜማ ዓርብ ዋለ። ንጋት ላይ ድስቴን ጣድኩ፣ ከደንኩ። ለማማ ግላዲስ «አደራ» ብዬ ጁምዓ ሄድኩ። ማማ ግላዲስ የቴምቢሳ ሴት ናት፤ እሷም እዚያው ዕቃ ስታጥብ ያረጀች።

ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ባባ፣ እኔን አትቆጣኝ» አለች። «ነገርኩት፣ አልሰማኝም። ገብተህ ድስትህን እይ።»

ድስቴ ባዶ ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። አጠገቡ የተጣደውን የአሳማውን ትልቅ ድስት ክዳን አነሳሁ። ቀይ ክር፣ ቀይ ክር፣ መሐል ላይ የተረሱ ሁለት ነጭ። ውኃው ላይ ጮማ ተንሳፏል።

«ያንተኛው ጋዝ አለቀ፣ አንክል» አለኝ ዌይ። «ሌላ ሲሊንደር እስኪመጣ ደንበኛ ይጠብቀኛል? ወደ ትልቁ ገለበጥኩት።»

«ሣጥኖቹስ?»

«ሄዱ። የጀፕም ሄደ። ምን ችግር አለው? ክሩ ነጭ፣ ውስጡ አደንጓሬ። ውኃ ውኃ ነው።»

በጭልፋ ቀዳሁና አፍንጫው ሥር አቀረብኩለት። «ውኃ ከሆነ ጠጣው!»

«ሃይቦ!» ብላ፣ «ኧረ ጉድ!» እንደማለት፣ ማማ ግላዲስ ሳቀች። ዌይ ፊቱ ቀላ። «አንተ ዝም ካልክ ማን ያውቃል?» አለኝ።

በዕድሜዬ ሰው ላይ እጅ አንስቼ አላውቅም። ያን ቀን ጭልፋውን ቶሎ ያስቀመጥኩት እንዳልመታው ፈርቼ ነው።

ፎቅ ወጣሁ። ሺፉ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«ድስቱን ቀላቀለው?»

«ቀላቀለው።»

ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ «የእህቴ ልጅ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጠበቅኩም። ሽርጤን ፈትቼ ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩና ወረድኩ።

ታክሲ ይዤ ጀፕ ደረስኩ። ሐጂ ሙዘይን የብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጦ ጣቱን ይልሳል።

«ጋሼ! ና፣ ና! ማሻአላህ፣ ዘንድሮስ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ጣፍጧል። ምን ጨመርክበት?»

«እኔ አልጨመርኩም» አልኩት። «ትፋው።»

ነገርኩት። ቧንቧ ጋ ሄዶ ደጋግሞ ተጉመጠመጠ። ሲመለስ «ሳናውቅ ነው፣ አላህ ያውቃል» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ግን ጋሼ፣ አንተ ድስቱ ጋ አልነበርክም?»

«ጁምዓ ነበርኩ።»

ፊቱን አዞረብኝ። ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ።

ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አንዱ «ከቻይናው ጋር ተጣልተህ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላው ሣጥኑን ቤት ልኮ ኖሮ ሚስቱ ላይ በስልክ ይጮሃል፤ ልጆቹ በልተዋል። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረና «አንተን አምነን እኮ ነው!» አለኝ። ልክ ነው። እኔን አምነው ነው። ዌይን ማን ያውቀዋል?

ዌይ አሁንም በነጭ ክር እያሰረ ይልካል አሉ። ጀፕ ሣጥኑ ሲደርስ ሳይከፈት ለዘበኛው ይሰጣል። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የበላውም ሰው ዛሬ ይጠራጠራል፤ አንዳንዱ ፊት ለፊት ይጠይቀኛል። ጓደኞቼ «አርጅተሃል፣ ተወው» ይሉኛል። አልተውኩትም። ነጭ ክር ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ኩሽና ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። አሳማ በሚቀቀልበት ቤት ክር አትመኑ። ድስታችሁን ከጣዳችሁ እስክታወርዱት አጠገቡ ካልቆማችሁ፣ ለማንም «ይበላል» አትበሉ።