ጯሂውና የኪሳችን ሚስማር

ባለፈው ወር ደሴ ውስጥ አንድ ሆቴል በር ላይ ጥበቃው በእጁ የያዘውን መፈተሻ ወገቤ አጠገብ ሲያሳልፈው፣ መሣሪያው እንደታመመ በሬ ዝቅ ባለ ድምፅ አጉረመረመ። ልጁ ደንገጥ ብሎ «እናቴ፣ ኪስዎ ውስጥ ምንድን ነው?» አለኝ። የዛገ የጣሪያ ሚስማር አውጥቼ አሳየሁት። «ለምን ይይዙታል?» «ለጅኒ።» ሊስቅ ብሎ ተወው፤ የወሎ ልጅ ነውና በጅኒ እንደማይቀለድ ያውቃል። እኔ በጅኒ አላምንም። ሚስማሩን የምይዘው በልማድ ነው። ያ ማጉረምረም ግን ደረጃው ላይ አስቁሞኝ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው «ይለፉ እንጂ!» እስኪል ድረስ የአባቴ ጅራፍ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ እየሰማሁ ቆየሁ።

ስለ ልጅነት የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከወተትና ከቄጤማ ይጀምራሉ። ብዙዎቹን አንብቤያለሁ፣ አንዳቸውንም አላመንኩም። እኔ ያደግሁበት ቤት ሰው ከመናገሩ በፊት እጁን የሚያነሳበት ቤት ነበር፤ ቤቱ ደግሞ የተለየ ክፉ ቤት አልነበረም፣ ጎረቤቶቻችንም እንደዚያው ነበሩ። ጦርነት ሲያበቃ ሰው ጠመንጃውን ያስረክባል እንጂ እጁን አያስረክብም።

ቤታችን ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና ወንዝ ዳር ነበር። አባቴ ይመርና ታናሽ ወንድሙ ሰይድ ከአያቴ የቀረላቸውን አንድ ማሳ አብረው ያርሱ ነበር፤ አንዱ በሬ የአባቴ፣ ሌላው የአጎቴ ሆኖ፣ ሁለቱ ሲጠመዱ አንድ ጥማድ ይወጣቸው ነበር። በደርግ መጨረሻ ወታደሩ ማሳው ላይ ምሽግ ቆፍሮ ከርሞ፣ ቀኑ ሲደርስበት ጥሎት ሸሸ። የሸሸው ግን ሰውየው ነው፤ ብረቱ እዚያው ቀረ። በቀጣዩ በጋ የጎረቤታችን ፍየል ማሳው ዳር ስትግጥ የተቀበረ ነገር ረግጣ ፈነዳባት፣ ግማሽ አካሏ ግራር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ የሰፈሩ ውሾችም ከሥር እየዘለሉ ተናክሰውበት አንዱ ሌላውን ገደለው። እናቴ ፋጡማ ያን እያየች «ክረምት ሳይገባ ይህ መሬት ካልጸዳ ልጆቼን ምን ላብላቸው? አፈር?» አለች። የዚያ ዓመት የቤታችን ጥያቄ ይኸው ብቻ ነበር።

አጎቴ ሰይድ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረው። ወሎ ውስጥ ጣሊያን ወርቅ ያልቀበረበት ማሳ የለም፤ ሲወራ ለሚሰማ ሰው ጣሊያን ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ የመጣው ሳጥን ሊቀብር ብቻ ይመስለዋል። የእኛው ሳጥን ማሳው መካከል ካለው ዋርካ ሥር ነው ይባል ነበር። አጎቴ ገና ሚስት አላገባም፣ ቤት አልሠራም፣ ሁሉንም ነገር ለሳጥኑ ቀጥሮ ይኖር ነበር። ስለዚህ አባቴ «ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ደሴ ገብቷል አሉ» ሲለው፣ ወንድማማቾቹ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣሉ ተስማሙ። አጎቴ በሬውን ሸጠ።

እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። አባቴ በጦርነቱ ጊዜ የመድፍ ጥይት አጠገቡ ወድቆ ጆሮው ውስጥ የማያቋርጥ ፉጨት ስለቀረበት፣ ገበያ ሲወጣም ሆነ ቀበሌ ሲጠራ ጆሮው እኔ ነበርኩ። በጭነት መኪና ጀርባ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወጥተን ደሴ ሰኞ ገበያ ስንደርስ፣ ከጅዳ የተመለሰ አንድ ነጋዴ ሁለት መሣሪያ ጆንያ ላይ አጋድሞ ተቀምጦ አገኘነው።

«ይኸኛው የወታደር ነው» አለ አረንጓዴውንና ከባዱን እያነሳ። «ፈንጂም ይሁን የጠርሙስ ክዳን፣ ለሁሉም በአንድ ጉሮሮ ይጮሃል። አያዳላም።»

«ያኛውስ?» አለ አጎቴ።

«ይሄማ ጨዋ ነው! ለብረት ያጉረመርማል፣ ለወርቅና ለአልሙኒየም መካከለኛ ድምፅ ያወጣል፣ ለብርና ለመዳብ እንደ ወፍ ይንጫጫል። ብረት ከሰለቸህ ደግሞ ይቺን ቁልፍ ታዞራታለህ፤ ወላሂ ስለ ብረት ትንፍሽ አይልም።»

እኔ እያንዳንዱን ቃል በአባቴ ጆሮ ደገምኩለት።

«የምንፈልገው ብረቱን ነው፤ የወታደሩን እንያዝ» አለ አባቴ።

«እኔ የምፈልገው ወርቁን ነው።»

«ፍየሏን የገደላት ወርቅ ነው?»

«የተሸጠው በሬ የማነው? የእኔ። እንግዲያ በሬው ይምረጥ።»

«እውነትህን ነው፣ ከሁለታችሁ አስተዋዩ እሱ ነበር።»

አጎቴ ዱላውን አነሳ፣ አባቴ አንገቱን ጨብጦ ጆንያው ላይ ጣለው፣ ነጋዴው መሣሪያዎቹን እንደ ሕፃናት አቅፎ ሸሸ፣ ገበያተኛውም ከቦ «አቦ ተዉአቸው፣ ይውጣላቸው!» እያለ ተመለከተ። ወጣላቸው። አባቴ አፍንጫው እየደማ፣ አጎቴ ከንፈሩ ተተርትሮ፣ ጨዋውን መሣሪያ ገዝተን ተመለስን። ስሙንም እናቴ አወጣችለት፦ ጯሂው።

በልግ ሲገባ ትምህርት ጀመርኩ። እናቴ ጓሮው ውስጥ ሚስማር፣ የጥይት ቀለህ፣ የተሰበረ የአልሙኒየም ድስትና የብር አምባሯን በየቦታው ቀብራ፣ ዓይኔን በሻሽ ታስርና «ንገሪኝ» ትለኝ ነበር። እኔም የጯሂውን ክብ እግር ከመሬት ሳላስነካ ግራና ቀኝ እያወዛወዝኩ እሰማ ነበር። ሚስማር እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ይልና ያበቃል፤ በሌላ አቅጣጫ ስታልፊበት ድምፁ ይሰበራል። ቀለህ ጥርት ብሎ ይጮሃል። አልሙኒየም አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ያወራል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ቀዩ አፈር ራሱ ያንሾካሹካል፣ እሱን መናቅ ነው። ትልቅ ብረት በጥልቀት ሲኖር ግን ገና ሳትደርሺበት ማጉረምረም ይጀምራል፣ ካለፍሽውም በኋላ ቶሎ አይተውሽም፤ ከምሥራቅ ብትመጪ ከሰሜን ቦታው አንድ ነው። በተሳሳትኩ ቁጥር አባቴ በልምጭ ባቴን ይለው ነበር። ዛሬ የልጅ አስተዳደግ አዋቂዎች እንዲህ ያለ ትምህርት አይገባም ይላሉ፤ እኔም ልጆቼን መትቼ አላውቅም። ልጆቼ ግን ሚስማርን ከቀለህ በድምፅ አይለዩም።

ከበልጉ በኋላ ማሳው ውስጥ ልንገባ ስንነሳ እናቴ በሩ ላይ ቆመች። ወርቅ ባለበት ጅኒ አለ፣ ጅኒ ደግሞ ብረት ይፈራል። አራስ በነበረች ቁጥር ከትራሷ ሥር ቢላዋ የማይለያት ሴት፣ ፍየል በፈነዳበት መሬት ላይ ባዶ እጃችንን ልትሰደን አትችልም ነበር። ለእኔ በቀሚሴ ጠርዝ ውስጥ ሚስማር ሰፋችልኝ፣ ለአባቴና ለአጎቴ በኪሳቸው ከተተችላቸው፣ ለራሷ ቢላዋዋን በመቀነቷ ሻጠች። ዱዓ አድርገን ገባን።

ጯሂው ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ አጉረመረመ። እግራችን አጠገብ ሲደርስ ያጉረመርማል፣ ቀሚሴ ሲነካው ያጉረመርማል፣ እናቴ ስትጠጋ ጭራሽ ያገሳል። አራት ሰዎች ብረት ታጥቀን ብረት እንፈልግ ነበር። ሚስማሩን እናስቀምጠው ያለ ግን አልነበረም፤ ጅኒውን ያልፈራ ሰው አልነበረማ። አጎቴ መላ አገኘ። «ይሄ የሚፈትሸው ኪሳችንን ነው፤ ኪሳችንን ደግሞ እናውቀዋለን» ብሎ ቁልፏን አዞራት።

ከዚያ ወዲያ ማሳው አማረበት። ጯሂው ወፍ ወፍ ሲል ቀለህ እንለቅም ነበር፣ ሰፌድ ሙሉ አወጣን፣ ማጉረምረም የሚባል ጠፋ። አባቴ በየትልሙ ዞር እያለ «ሀዋ፣ ምን ይላል?» ይለኝ ነበር፣ እኔም «ዝም ብሏል» እለው ነበር። ቁልፏ ከመዞሯ በፊት ግን ዋርካው አጠገብ የሰማሁት ነገር ነበር፤ ቀጭ ብሎ የማያበቃ፣ ስርቅም የማይለቅ። «አባዬ፣ እዚያ ጋ ሌላ ድምፅ ነበር» አልኩት። አጎቴ «የቀሚስሽ ሚስማር ነው» አለ። አባቴ በታላላቆች መካከል ስለተናገርኩ በጥፊ መታኝ።

ክረምቱ ገባ። አባቴ ከጎረቤት በሬ ለምኖ ከራሱ በሬ ጋር ጠመደና «መሬቱ ጸድቷል፣ ቢስሚላህ» ብሎ ማረስ ጀመረ። ካፊያ ነበር። በሬዎቹ አንድ ትልም አውጥተው ዞረው ወደ ዋርካው ሲያቀኑ ያ የማይለቅ ማጉረምረም ትዝ አለኝ፤ ጯሂውን ከግድግዳው ነጥቄ ሮጬ በሬዎቹ ፊት ቆምኩና ቁልፏን መልሼ አዞርኳት። ጮኸ።

«የቀሚስሽ ሚስማር ነው!» አለ አጎቴ።

የቀሚሴን ጠርዝ በጥርሴ ተርትሬ ሚስማሩን ወረወርኩት። እናቴ «በነቢ! ጅኒ ይጣለኝ ብለሽ ነው?» ብላ እየሮጠች መጥታ ጆሮ ግንዴን አጮለችኝ። አባቴም በሬዎቹ የደነበሩበት ሰው ነውና ጅራፉን አነሳ። አንዴ አረፈብኝ፣ ደገመኝ፣ ቀሚሴ ጀርባው ላይ ተቀደደ፣ እኔ ግን የጯሂውን እግር ከዚያች ቦታ አላነሳሁትም።

«አባዬ፣ ይምቱኝ፤ ግን ሚስማርዎን አስቀምጠው ይስሙ!»

ከሁሉ በፊት የተንቀሳቀሰችው እናቴ ናት። ቢላዋዋን ከመቀነቷ መዝዛ፣ በነጭ ከንፈር ዱዓ እያደረገች፣ ማሳው ዳር ያለ ድንጋይ ላይ አኖረችው። አባቴ ሚስማሩን አጠገቡ አስቀመጠ። አጎቴም እየሳቀ ጣለ። እኔ ከምሥራቅ መጣሁ፣ ጮኸ፤ ከሰሜን መጣሁ፣ እዚያው ላይ ጮኸ፤ ገና ሳልደርስበት ይጀምራል፣ ካለፍኩትም በኋላ አይተወኝም። አባቴ ተንበርክኮ መዳፉን የጯሂው ድምፅ መውጫ ላይ ጫነ። በጆሮው ያልሰማውን በመዳፉ ሰማው። ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ በሬዎቹን ፈታ፣ ወደ ኋላም ነዳቸው።

አጎቴ ሰይድ ግን ፊቱ በርቶ ነበር። «ሳጥኑ!» አለ። «የሳጥኑ ብረት ነው! ይሄን ያህል የሚያጉረመርም ሌላ ምን አለ?» ዶማውን አንስቶ መሬቱ ላይ አሳረፈው።

«ሰይድ፣ ተው!»

«ዓመት ሙሉ በዚህች ልጅ ጆሮ ስትነዳ ኖረህ፣ አሁን ወርቁ ሲገኝ ተው?»

ዶማውን እንደገና ከራሱ በላይ አነሳ። አባቴ ከበሬዎቹ ጫንቃ ያወረደው ቀንበር በእጁ ነበር። ሁለት ጊዜ መታው። በመጀመሪያው ትከሻው እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ፤ አጎቴ ዶማውን በሌላ እጁ ሊያነሳ ሲል በሁለተኛው ክንዱ ተሰበረ። እናቴ እግሩን ይዛ በጭቃው ላይ ጎተተችው፣ እሱ እጇን ነከሳት፣ አባቴ እያለቀሰ በእርግጫ ይለው ነበር። ወንድሙን እንደዚያ ሲመታ አይቼው አላውቅም፤ እንደዚያ ሲያለቅስም አይቼው አላውቅም። ደማቸው ከዝናቡ ጋር በትልሙ ውስጥ ፈሰሰ። በዚያ ዓመት ማሳችን ላይ የፈሰሰው ይኸው ብቻ ነው፤ ጤፍ አልተዘራም፣ የአባቴም በሬ ተሸጦ በላነው።

መስከረም ላይ ወታደሮች መጥተው ቦታውን በገመድ አጥረው፣ እኛን ከወንዙ ማዶ አሻግረው የተቀበረውን ፈንጂ አፈነዱት። የቤታችን ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ የዋርካው ግማሽ ተገንጥሎ ወደቀ። ወጌሻ ክንዱን በቀርከሃ ያሰረለት አጎቴ ጭሱን እያየ «አያችሁ? ሳጥኑን አውጥተው ሲያበቁ ነው ያፈነዱት። ፍንዳታው ማስመሰያ ነው» አለ። ይህን እምነት ማንም ከእሱ ሊወስድበት አልቻለም። ክንዱ ጠምዝዞ ገጠመ፣ ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ከአባቴ ጋር ግን በአንድ ገበታ አልቀረበም። አባቴ የተቀበረ ቀን መጥቶ በዚያ በጠማማ ክንዱ አፈር አለበሰውና «ወርቄን ያስቀረብኝ ሰው ነው፤ አላህ ይማረው» አለ።

ከፈንጂው የተረፈው ያ ጠማማ ክንድ ያሳደገው የአጎቴ ልጅ ሁሴን አሁን ማሳውን ያርሳል። የቅርቡ ጦርነት እዚያው መሬት ላይ እንደገና አልፏል፤ ብረቱም እንደ ልማዱ ቀርቷል። ባለፈው ወር ደሴ የመጣሁት እሱ «እትዬ፣ መሣሪያ ምረጪልኝ» ብሎኝ ነው። የዛሬዎቹ መስታወት አላቸው፣ ቁጥር ይጽፋሉ፣ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማሉ። ቁልፏ ግን ዛሬም አለች። ሻጩም ዛሬም የሚያሞግሰው እሷን ነው። ሁሴን «ዝም የሚለው አይሻልም? ያኛው ጆሮ ያደነቁራል» ሲለኝ፣ የሚያደነቁረውን ገዛንና ኮምቦልቻ ወረድን። ሲያጉረመርም ቀይ ጨርቅ ተክለን ፈንጂ አምካኞቹን እንድንጠራ፣ ዶማ እንዳይነካ በአባቱ ስም አስማልኩት።

ማሳው ዳር ስንደርስ ሚስማሬን አውጥቼ ያ ድንጋይ ላይ አኖርኩት። ሁሴን አየኝና ፊቱ ቀላ። ከዚያ እጁን ኪሱ ከቶ የራሱን አወጣ። «አባባ ነው የሰጠኝ» አለ፤ አጠገቡም አስቀመጠው። አሁን እርጥብ አፈር ላይ ቆመን ከመንገዱ ዳር እንሰማለን። አዲሱ ጯሂ እስካሁን ዝም ብሏል። ያኔም ዝም ብሎ ነበር። የዛሬው ዝምታ ግን የመሬቱ ነው፤ የቁልፏ አይደለም።