እትዬ አስካለ አእምሯቸው ጤነኛ ነበር

እትዬ አስካለ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቶር ፒኛታራ ሰፈር ባለው ቤታችን፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ዐርፈዋል። በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሱቆች፣ እዚህ ሮም የምታውቋቸው ሁሉ መርዶውን ሰምታችኋል። ለቅሶው ላይ ግን አንዳንዶቻችሁ «ነፍሳቸውን ይማር፣ መጨረሻ ላይ እኮ ጭንቅላታቸው ልክ አልነበረም» ስትባባሉ በጆሮዬ ሰማሁ። ይህ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑን የማውቀው ወሬውን የጀመርኩት እኔ ስለሆንኩ ነው።

እኔ ሰው አላምንም። የሚያውቀኝ ያውቀዋል። አውቶቡስ ላይ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ነው የምይዘው፤ ሰው ፈገግ ሲልልኝ «ይሄ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» እላለሁ። እትዬ አስካለ «አንቺ ፀሐይ፣ መልአክ ቢመጣ እንኳ ፔርሜሶህን፣ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ አሳየኝ ትይዋለሽ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። መጀመሪያ የተገናኘነው ለዚሁ ፈቃድ ኩዌስቱራ፣ ፖሊስ ጽሕፈት ቤቱ ደጅ፣ ተሰልፌ፣ ብርድ ሲያንዘፈዝፈኝ ነው። የራሳቸው ጉዳይ ካለቀ በኋላ «ቋንቋውን አታውቂም፣ ብቻሽን አትቀሪም» ብለው እስከ ቀትር አብረውኝ ቆሙ። ያን ቀንም ምን ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ። ምንም አልጠየቁኝም። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት አንድ ቤት ኖርን።

እንደ ሁላችንም እሳቸውም «ለአገር» የሚሉት ዕቃ ነበራቸው። ያልተፈታ አንሶላ፣ ከካርቶኑ ያልወጣ ብርጭቆ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ የስፌት መኪና። አዲስ አበባ ገብተው ልብስ ስፌት ሊከፍቱበት የገዙት ነው፤ ሃያ ዓመት በፕላስቲኩ እንደተጠቀለለ ከአልጋ ሥር ተቀመጠ። እኛ ጠርዙ በተሸረፈ ኩባያ እንጠጣለን፣ ደህናው ብርጭቆ አገር መግቢያውን ይጠብቃል። ስቃችሁ አትለፉኝ፤ የእናንተም አልጋ ሥር ምን እንዳለ አውቃለሁ።

በመጨረሻ የሠሩት ሲኞራ ኤልዛ ዘንድ ነው። ሲኞራ ኤልዛ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የቡድሃን ትምህርት የሚከተሉ ጣልያናዊት ነበሩ። ዐይናቸው ሲደክም እትዬ አስካለ በየጠዋቱ፣ ሲኞራዋ ትምህርቱን ከጻፉበት ደብተር ያነቡላቸው ጀመር። ቁልፍ ላደርስ ሄጄ አንድ ቀን አይቻለሁ። የሲኞራዋን ነጭ ፀጉር እያበጠሩ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ መስመር ያነባሉ፤ ከዚያ ማበጠሪያውን ያቆሙና «አሎራ፣ እሺ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ይላሉ። ሲኞራዋም ያስረዳሉ። ሁሉ ነገር አላፊ ነው፤ ሥቃያችንም የሚመጣው አላፊውን አንለቅም ስንል ነው፤ ትምህርቱ ይኸው ነበር።

እኔ ደነገጥኩ። ሃይማኖታቸውን ሊያስቀይሯቸው ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ እሳቸውን መሰለል ሆነ። ረቡዕና ዓርብ መጾማቸውን፣ ከማዕድ በፊት ማማተባቸውን አያለሁ። አንድም ቀን አላጓደሉም፤ እኔ ግን ይህንኑም ጠረጠርኩት። በመጨረሻ «እትዬ፣ ለቡድሃ ይሰግዳሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«የምሰግድለት አንድ ነው፤ እሱንም ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ሲኞራዋ እውነት ሲናገሩ ግን ጆሮዬን ልድፈን?»

ሲኞራ ኤልዛ ካረፉ በኋላ ያ «ለአገር» የተባለው ዕቃ ከአልጋ ሥር ወጣ። ብርጭቆው ለሚያገቡ ልጆች፣ አንሶላው ባዶ እጇን ለመጣች ልጅ ሄደ። «ማነው ያዘዘዎት? እነዚያ የሲኞራዋ የቡድሃ ጓደኞች ናቸው አይደል?» ብዬ አፋጠጥኳቸው። እጃቸውን ጨብጠው አሳዩኝ፤ ከዚያ ዘረጉት። «መያዝ ሌላ፣ ሙጭጭ ማለት ሌላ። ዕቃ ጠልቼ አይደለም፣ ፀሐይ። ሃያ ዓመት ሙጭጭ ስል በስፌት መኪናው አንዲት ቀሚስ እንኳ አልሰፋሁም።»

አንድ ቅዳሜ የስፌት መኪናውን በካሬሎ፣ በገበያ ጋሪ፣ እየጎተቱ ሲወጡ ተከተልኳቸው። ሻርፔን እስከ ዐይኔ ጠቅልዬ በአውቶቡስም በሜትሮም ተከተልኩ። አሁን የቡድሂስቶቹ ቤት ሲገቡ እይዛቸዋለሁ ስል ሰላም ፓላስ ገቡ። ስደተኛ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሕንጻ ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ትዕግስት ለምትባል፣ ትንሽ ልጅ ላላት ሴት መኪናውን ሰጧት፤ ክር አገባቡን አሳይተዋት ወጡ። በቃ፣ ይኸው ነው። አፍሬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን «አሃ፣ ያታለለቻቸው ይቺ ናት» አልኩ።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። «እህቴ፣ እትዬ አስካለ ጭንቅላታቸው ደክሟል፤ የሰጡትን አያውቁም። መኪናውን መልሺልኝ» አልኳት። ትዕግስት አልተከራከረችኝም። መርፌው ሥር አንድ እጅጌዋ የቀረ ቢጫ የሕፃን ቀሚስ ነበረች፤ እንዳትቀደድ ፈርታ እሷንም አብራ ሰጠችኝ። የምሠራበት ቤት ካንቲና፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ደበቅኩት። በኋላ ሲቆጫቸው አወጣላቸዋለሁ ብዬ ነው። ልደብቃችሁ አልችልም፣ ቅናትም ነበረበት። አሥራ አምስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ለማያውቋት ሴት ሲሰጡ አንገበገበኝ።

ለትዕግስት ያልኳት ወሬ ሆኖ ከእኔ ቀድሞ ሮምን አዳረሰ። እትዬ አስካለ ብርድ ልብሱን ይዘው ወደ አንዷ ቢሄዱ «እትዬ፣ ይመልሱት፣ በኋላ ይጠፋብዎታል» ብላ እንደ ሕፃን ትከሻቸውን መታ መታ አደረገቻቸው። ብርድ ልብሱን ታቅፈው ተመልሰው፣ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ተቀመጡ። አየኋቸው። ዝም አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሊያርፉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ አልጋ ላይ እንዳሉ ትራሳቸውን ሳስተካክል፣ «መኪናውን ዘይት ትቀቢዋለሽ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። «የምን መኪና?»

«ተይ እንጂ ፀሐይ። ትዕግስት የዚያኑ ዕለት ደውላ፣ መኪናውን ላንቺ ስለሰጠች ይቅርታ ጠይቃኛለች። ካልሠሩበት ይደርቃል።»

ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ የለም። «እያወቁ እንዴት ዝም ይሉኛል?» አልኩ፣ በገዛ ጥፋቴ እኔው እየተቆጣሁ።

«ሰጥቼዋለሁ እኮ። ማን ጋ ደረሰ እያልኩ ብከታተል መቼ ለቀቅኩት?» ትንሽ ተነፈሱ። «ዕቃው ቀላል ነው። ስሜ ግን ከበደኝ። አበደች ሲሉኝ፣ እሱንም ልቀቂው እያልኩ ከራሴ ጋር ስታገል ከረምኩ። አንዳንድ ቀን ለቀቅኩት እላለሁ፤ ስነቃ ይዤው አገኘዋለሁ።»

እግራቸው ላይ ወድቄ አለቀስኩ። «ተነሺ፣ ጉልበቴን አሳመምሽው» አሉኝ።

እንግዲህ የምታውቋቸው ሁሉ ስሙኝ። እትዬ አስካለ የሰጧችሁን አውቀው፣ ወደው ነው የሰጧችሁ። ተጠቀሙበት። ያበደ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ አለሁላችሁ።

እትዬ፣ መኪናውን ዘይት ቀብቼ መልሻለሁ። ትዕግስት በሩን ገርበብ አድርጋ «ደግሞ ምን ልትወስጂ መጣሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቢጫዋ ቀሚስ ለልጅቷ ጠባታለች፤ እናቷ በጎን ጨርቅ ጨምሬ አሰፋታለሁ ብላ እኔ ቆሜ እያለሁ ጀመረች። ድምፁን ቢሰሙት! ሃያ ዓመት አልጋ ሥር ዝም ያለው መኪና ነው እንዲያ የሚንጣጣው። ድምፁ እስከ ደረጃው ድረስ ተከተለኝ።

ያስተማሩኝን እሞክራለሁ። እርስዎንም፣ ቀስ ብዬ፣ እለቃለሁ። ስምዎን ግን እንደማልለቅ ይወቁት። እኔው ነኝ ያጎደፍኩት፤ ለቅሶ ቤት በገባሁ፣ አውቶቡስ ላይ የአገሬን ሰው ባገኘሁ ቁጥር «ጤነኛ ነበሩ፣ ውሸታሟ እኔ ነኝ» እላለሁ። ሙጭጭ ብያለሁ፤ ከፈለጉ ይቆጡኝ። ደህና ይሁኑ፣ እትዬ።