ሁለት ማንኪያ

ያቭዶሃን በመንደራችን «ሕፃን ገዳይ» ነው የሚሏት። ሃያ ስምንት ዓመት ይህን ስም ተሸክማ ኖራለች። ስሙ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ትልቁ ድርሻ የእኔ ነው። ይህን ከማንም ደብቄ ስለኖርኩ ስለ እሷ ለማውራት አፍ ሊኖረኝ ባልተገባ ነበር።

በዚያን ጊዜ የወለደች ሴት ሁለት ወር ሳይሞላት ወደ ኅብረት እርሻው ትመለሳለች። ስኳር የሚወጣበትን ሥር ስንኮተኩት እንውላለን፣ ወገባችን ይቆረጣል። ያቭዶሃ ባሏ የሞተባት፣ ወልዳም የማታውቅ ሴት ነበረች። የእርሻው አለቃ እዚያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል አሥራ አንዱን ልጆቻችንን አስታቀፋትና ሄደ። ረዳት ስጠኝ ብትለው «ሴት ሆኖ ልጅ መያዝ የማያውቅ አለ እንዴ?» አላት።

ማክ የምንለው ቀይ አበባ በየጓሯችን አለ። ፍሬውን ለበዓል ዳቦ እናደርገዋለን። ፍሬው ከተራገፈ በኋላ የሚቀረውን ባዶ ቅል ቀቅሎ ውሃውን ለሚያለቅስ ሕፃን መስጠት ደግሞ ከአያቶቻችን የመጣ ነው። ቅሉን በሻርፓችን ቋጥረን የምንወስድላት እኛው እናቶቹ ነን። ልጆቹ እስክንመለስ ለጥ ብለው ይተኛሉ። ማታ ማታ ደግሞ ልጆቹ ሌሊት እንዲተኙልን በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ትሰጠናለች፤ እኛስ እንቅልፍ አያምረንም? «አንድ ማንኪያ ብቻ፤ እንዳትጨምሪ» ትለናለች፣ በየቀኑ፣ እስኪሰለቸን። አለቃው በስብሰባ ላይ አስጨበጨበላት። እንዲህ ጸጥ ያለ የሕፃናት መዋያ አይቶ አያውቅማ።

ጎረቤቴ ስቴፋ የመጀመሪያ ልጇን ኦሬስትን ወልዳ አራት ወሯ ነበር። አንድ ቀን እርሻ ላይ ቆማ ስታንቀላፋ መኮትኮቻው እግሯን ቆረጣት።

«ትናንትም አልተኛልሽም?» አልኳት።

«ሦስት ሌሊት። አንድ ማንኪያው አልበቃው አለ መሰለኝ።»

«እንግዲያ ሁለት ስጪው። እሷ ደግሞ እንደ ሐኪም እየለካች! የእኔዋ ስንቴ ሁለት ጠጥታለች፣ ይኸው እንደ ጥጃ ትፈነጫለች።»

ውሸቴን ነበር። የእኔዋ ሃሊያ ሁለት ጠጥታ አታውቅም። አዋቂ መምሰል ስለምወድ ነው።

ኦሬስት በማግስቱ ጠዋት አልነቃም።

ፖሊስ መጣ። ስቴፋ አንደበቷ ተዘግቶ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ጠርሙሱ የያቭዶሃ ነው። «ቅሉን ማን አመጣልሽ?» ሲሏት አሥራችንን እናቶች ተራ በተራ አየችን፤ አሥራችንም መሬት መሬቱን አየን። አለቃው ሳይቀር «እኔ እንኳ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ሦስት ዓመት ፈርደውባት ከቪኒትሳ ከተማ ወዲያ ወዳለ እስር ቤት ወሰዷት። ከተመለሰች በኋላ የመንደሩ ልጆች ከፍ ሲሉ አጥሯን በድንጋይ ይደበድቡ ጀመር። ልጆቹ እሷ የያዘቻቸው ናቸው። ሃሊያም አንዷ ነበረች፤ አልተቆጣኋትም።

ባለፈው ወር ሃሊያ ወለደች። ሕፃኗ ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች፣ ልጄ በቁሟ አለቀች። መላው ቢጠፋኝ እያፈርኩ የያቭዶሃን በር አንኳኳሁ። ድንች እየላጠች ነበር።

«እትዬ ያቭዶሃ፣ የልጄ ልጅ ሌሊት አልተኛ አለች።»

«ብለሽ ብለሽ እኔ ዘንድ መጣሽ?»

«ሌላ ማን ያውቃል ብዬ ነው።»

«የማክ ውሃ ጠብታ እንኳ እንዳትሰጧት። አቅፋችሁ ዙሩ። አንቺ ሲደክምሽ እናቷ፣ እናቷ ሲደክማት አባቷ። ሌላ መድኃኒት የለውም። እኔ አሥራ አንድ ሕፃን ነበረኝ፤ ክንዴ ግን ሁለት ነው።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ስቴፋ እስር ቤት ድረስ መጥታ ጠይቃኛለች። አልቅሳ አልቅሳ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። እኔ ለማንም አልተነፈስኩም፤ አንቺ ራስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅኩ። ዛሬ ለሌላ ጉዳይ አልመጣሽም?»

ይቅር በይኝ ልላት አሰብኩ። ከተናዘዝኩ ሃሊያ ትሰማለች፣ ልጇንም ደግማ አታስይዘኝም አልኩ በልቤ።

«ለሕፃኗ ብቻ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እንግዲያ ሂጂ፣ እያለቀሰች ይሆናል» አለችና ድንቿን አነሳች።