የጆሮዬ መርፌና ሰማንያው ቀን

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አጭሻለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ሴት ስታጨስ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቀዋል። ቢባልስ! ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሠርቼ ነው የምበላው። ከሱቄ ጓሮ ቆሜ የማጨሰው የማንንም ቤት አላንኳኳም።

ያንበረከከችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እህቴ ሦስት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባት፣ ሁላችንም ተስፋ ከቆረጥን በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። ልጠይቃት ስገባ፣ "ክርስትና የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ" አለችኝ። እኔ አልወለድኩም። እልል ማለት ሲገባኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የንስሐ አባታችን ግን፣ "እስከ ሰማንያው ቀን ሲጋራዋን ካልጣለች ሌላ ፈልጉ" አሉ። እኔና እሳቸው የቆየ ነገር አለን። ለሰው ሁሉ መስቀላቸውን ግንባር አስነክተው ከንፈር ያሳልማሉ፤ እኔን ግን ግንባሬን ብቻ ነክተው እጃቸውን ይሰበስባሉ። የትምባሆ አፍ መስቀል አይስምም ማለታቸው ነው። ስንት ዓመት! ያውም በሰው ፊት!

"እሺ፣ እንተያያለን!" አልኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስቴ ተውኩ፣ ሦስቴ ለኮስኩ። ከዚያ ከገበያው ማዶ፣ ቻይና ተምሮ የመጣ አንድ ባለሙያ ጆሮ ላይ መርፌ እየተከለ ሲጋራ ያስተዋል ሲሉ ሰማሁና ሄድኩ። ያማል ወይ ብዬ አልጠየቅኩም፤ ሠላሳ ዓመት መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ ኖሯል።

"ይሠራል?" አልኩት።

"ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም። ዋናው እርስዎ ነዎት" አለኝ።

ምሎ ቢገዘትልኝ ኖሮ ተነስቼ እወጣ ነበር። በየሳምንቱ ተመላለስኩ። ስወጣ ከምስር ፍሬ የምታንስ መርፌ ጆሮዬ ላይ በፕላስተር ይለጥፍልኛል። "ሲያምርዎት ጫን ያድርጓት" ብሎኛል። ስሰፋ ጫን፣ ደንበኛ ሲያናድደኝ ጫን። መርፌዋ ትሁን ግትርነቴ እንጃ፣ አላጨስኩም።

አንድ ቀን ነጠላዬ ሸርተት ሲል ጎረቤቴ አየቻት። ለአባ ሄዳ፣ "ጠንቋይ ጆሮዋ ላይ ድግምት ተከለባት" አለች። የራሷን ክታብ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ! የራሷ እያረረ የሰው ታማስላለች። አባም ለሰማንያው አንድ ቀን ሲቀረው ቤቴ መጡ።

"ምንድን ነው ጆሮሽ ላይ ያለው?"

"ሕክምና ነው፣ አባ። መርፌ ነው።"

"ይደማል?"

እጄ ወደ ጆሮዬ ሄደ። ጠዋት ትንሽ ደምቶ ነበር።

"ደም የሚፈሰው ሰው ቤተ መቅደስ እንደማይገባ ታውቂያለሽ። ነገ ይህን ይዘሽ አትመጪም።"

ደሜ ፈላ። "ሲጋራውን ሲያወግዙ እሺ አልኩ፤ ያስጣለኝንም ሲያወግዙ በምን ልያዝ?" ብዬ እፊታቸው ነቅዬ ጣልኳት። "ያለ እሷም እመጣለሁ!"

ፍርሃቱ የመጣው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው። ጣቴ ባዶውን ጆሮዬን ሲዳብስ ዋለ። ወደ አመሻሹ ላይ ሄጄ አንድ ፍሬ ሲጋራ ገዛሁ። አዎ፣ ገዛሁ፤ ምን እዋሻለሁ! ክብሪቱንም አወጣሁ። ከዚያ ያቺን ልጅ ነገ ሌላ ሴት ታቅፋት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ታየችኝ። ከጨርቅ በቀር ምንም በማላስነካው መቀሴ ሲጋራውን ከትክቼ ጣልኩት።

በማግስቱ ማለዳ ልጅቷን ከውኃው አውጥተው ሰጡኝ። እየጮኸች እቅፌ ውስጥ ገባች፤ ማዕተቧ ታሰረላት። አባ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። የእሷን ግንባር ነኩ፣ የእኔን ግንባር ነኩ፤ እጃቸው እንደ ልማዱ መሰብሰብ ጀመረ።

ልጄን በአንድ እጄ አቅፌ በሌላው እጅጌያቸውን ያዝኩ።

"አባ፣ አልጨረሱም።"

እሳቸውም ጠጋ አሉ። እኔም እንዲያሸቱኝ ብዬ በደንብ ተነፈስኩላቸው። ከዚያ መስቀሉን ወደ ከንፈሬ አመጡት።

ሳምኩት። ቶሎም አልለቀቅኳቸው።